ቲ-34 እውነት ምርጥ ታንክ ነበር ወይስ ስሙ ብቻ ነው?

አቢ_ካዛንቺስ፦
ሰላም ናችሁ? አንድ ክርክር ፍቱልኝ እስቲ። አጎቴ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሳ ቁጥር «ቲ-34ን የሚያህል ታንክ አልተሠራም፣ ሂትለርን የጣለው እሱ ነው» ይላል። ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ የማየው ደግሞ ተቃራኒውን ነው፤ ጥራት የሌለው የብረት ሬሳ ሳጥን ይሉታል። ሶቪየቶች ወደ 45 ሺህ የሚጠጋ ቲ-34 አጥተዋል የሚልም አየሁ። ይሄን ያህል የተቃጠለ ታንክ እንዴት ምርጥ ይባላል? እሁድ ምሳ ላይ ስለምንገናኝ ባዶ እጄን መሄድ አልፈልግም።

ሄለን_ዘታሪክ፦
የየትኛው ዓመት ቲ-34? ክርክሩ እዚያ ላይ ነው የሚበላሸው።

በ1941 ጀርመኖች ሲገቡ በወረቀት ደረጃ የሚወዳደረው አልነበረም። የፊት ብረቱ 45 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግን በጣም ስለተጋደመ ፊት ለፊት ለሚመጣ ጥይት 90 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይሆንበታል። የጀርመኖቹ 37 ሚሊ ሜትር ፀረ ታንክ መድፍ እየነጠረ ቢያስቸግራቸው የራሳቸው ወታደሮች «በር አንኳኪ» ብለው ቀለዱበት። በጥቅምት 1941 ምፀንስክ በምትባል የሩሲያ ከተማ አካባቢ የሶቪየቱ አዛዥ የካቱኮቭ ታንከኛ ብርጌድ አድፍጦ የጀርመንን 4ኛ ፓንዘር ክፍለ ጦር ክፉኛ መትቶታል።

ታዲያ ለምን ያን ያህል ተቃጠለ ካልከኝ፣ መድፉ ያለበት የሚዞረው ጭንቅላት ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ስለነበር ነው። አንዱ ጥይት ያጎርሳል። አዛዡ ደግሞ ጠላት ይፈልጋል፣ ያነጣጥራል፣ ይተኩሳል፣ ሹፌሩን ይመራል፣ የመቶ መሪ ከሆነ ደግሞ አብዛኞቹ ታንኮች ሬዲዮ ስላልነበራቸው ሌሎቹን በባንዲራ ያዛል። አስበው እስቲ! የጀርመኑ ፓንዘር 3 መድፉ ቢያንስም እዚያው ቦታ ላይ ሦስት ሰው ነበረው፤ አዛዡ ሥራው ማየት ብቻ ነው። ቀድሞ ያየ ቀድሞ ይተኩሳል።

ማርሽ_ሦስት፦
እኔ የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ፣ ስለ ጦርነት ብዙም አላውቅም፤ የዚህን ሞተር ታሪክ ግን አንብቤዋለሁ። 12 ሲሊንደር ናፍታ፣ 500 የፈረስ ጉልበት። በዚያ ዘመን ለ26 ቶን ታንክ እንዲህ ያለ ናፍታ ሞተር ቀላል ነገር አይደለም። ያበላሸው የአየር ፊልትሮው ነው። በ1942 አንዱን ለአሜሪካኖች ሰጥተዋቸው አበርዲን በሚባለው የጦር መሣሪያ መሞከሪያቸው ላይ ሲሞክሩት ገና 350 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ አቧራ ሲሊንደሮቹን በልቷቸው ሞተሩ አለቀለት። የመጀመሪያዎቹ ካምቢዮም ባለ 4 ማርሽ ሆኖ እጅ የሚገነጥል ነበር ይባላል።

ግን በሠሪዎቹ አልፈርድም። ዋናው ነዳፊ ኮሽኪን በመጋቢት 1940 ናሙናዎቹን ይዞ ከካርኮቭ ሞስኮ ድረስ በበረዶ ተጓዘ፤ በዚያው የሳንባ ምች ይዞት መስከረም ላይ ሞተ። ታንኩ ሲዋጋ አላየውም። በ1941 ደግሞ ፋብሪካው ከነማሽኑ ባቡር ላይ ተጭኖ ኡራል ተራሮች ሥር ኒዥኒ ታጊል ገባ። እንዲህም ሆኖ በ1943 ከ15 ሺህ በላይ ቲ-34 ወጣ፤ የአንዱ ዋጋም ከ1941ዱ ወደ ግማሽ ወርዶ ነበር። ጀርመኖች ፓንተር የተባለውን ታንካቸውን በጦርነቱ ዘመን ሁሉ የሠሩት 6 ሺህ ገደማ ነው።

የድሮ_ታንከኛ፦
ልጆች፣ እኔ ቲ-55 ላይ አጉራሽ ነበርኩ። ቲ-34 በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ በሶማሊያ በኩል ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ነው የገባሁት፣ ስለዚህ ሲዋጋ አላየሁትም። የአጉራሽ ነገር ስለሆነ ግን አንድ ልጨምር።

የ76 ሚሊ ሜትሩ ቲ-34 77 ያህል ጥይት ይይዛል። ለእጅ ቅርብ የሆኑት ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ጥቂቶቹ ናቸው። ሌላው ሁሉ ሣጥን ውስጥ ሆኖ እግርህ ሥር ነው፣ የምትቆመው ላዩ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሲያልቅ የወለሉን ምንጣፍ ገልጠህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ ሣጥን ከፍተህ ታወጣለህ። ወለሉ ደግሞ ከመድፉ ጋር አብሮ አይዞርም፤ ጭንቅላቱ ሲዞር አንተ በእግርህ ትከተለዋለህ። ታንኩ እየሄደ፣ በባሩድ ጭስ መሃል። እኛ ጋ እንኳ ጠባብ ነው ብለን እናማርር ነበር።

በ1943 በኩርስክ ውጊያ ላይ ታይገር የሚባለውን የጀርመን ከባድ ታንክ ፊቱን በ76ቱ መብሳት ስላቃታቸው ወደ ጎኑ መጠጋት ነበረባቸው፤ እስኪጠጉ ድረስ ስንቱ እንደሚቀር አስቡት። በ1944 መጀመሪያ 85 ሚሊ ሜትር መድፍ ገባ፣ ጭንቅላቱም ሦስት ሰው የሚይዝ ሆነ። አዛዡ ከተኳሽነት ተገላገለ። እኔን ብትጠይቁኝ ከመድፉ ይልቅ ይሄ ነው የበለጠው ለውጥ።

አቢ_ካዛንቺስ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የወለሉን ነገር ለአጎቴ እነግረዋለሁ። ማርሽ፣ ያ ፊልትሮ በኋላ ተስተካከለ ወይስ እንደዚያው ቀረ?

ማርሽ_ሦስት፦
ተስተካክሏል። ሳይክሎን የሚባል ፊልትሮ ገባለት፣ ካምቢዮውም ባለ 5 ሆነ። ለአጎትህ ይሄንንም ንገረው፣ ደስ ይለዋል 😄