ለኤሌክትሮኒክስ ስሌት የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

ሶልደሩ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፓወር ሰፕላይ፣ አምፕሊፋየርና ፊልተር እየሠራሁ ነው የምማረው። እስካሁን ስሌቱን በካልኩሌተርና በደብተር ነው የምወጣው። አንድ ካፓሲተር በቀየርኩ ቁጥር ገጹን በሙሉ እንደገና መሥራት ሰለቸኝ።

ትምህርት ቤት ያሳዩን ማትላብ የሚባለውን የስሌት ሶፍትዌር ነው። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ክራክ የተደረገውን በፍላሽ የሚሰጥ ሞልቷል፤ ከነቫይረሱ ግን አልፈልገውም። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ 4 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10። ቤት ዋይፋይ የለኝም፤ አንዴ ካወረድኩት ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቢሆን እመርጣለሁ።

አሁን እጄ ላይ ያለው ይሄ ነው፦ ከ220 ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር፣ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይር የ4 ዳዮድ ብሪጅ፣ 4700 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር፣ ከዚያ ቮልቴጁን 12 ላይ የሚይዝ 7812 ሬጉሌተር። 1 አምፒር ማውጣት አለበት። ምን ልጫን?

ሚሊቮልት

ኤስማዝ ስቱዲዮ። ለግል አጠቃቀም ነፃ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም አያስቸግርም። ፎርሙላውን ደብተር ላይ እንደምትጽፈው ነው የሚያሳይህ፤ ክፍልፋዩ ከላይና ከታች፣ ሥሩም በምልክቱ። ከላይ አንድ ቁጥር ስትቀይር ከታች ያለው ሁሉ ራሱን ያስተካክላል።

ዋናው ጥቅሙ ግን ዩኒት ማወቁ ነው። ኪሎ ኦምን በማይክሮ ፋራድ ስታባዛ መልሱን በሰከንድ ይሰጥሃል። በቮልትና በአምፒር መካከል ብትሳሳትና ብትደምራቸው እምቢ ይላል። ዜሮ መቁጠር ለሚያሳስተው ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ጥገና ቤት

ምንም ከማውረድህ በፊት ያለህን ተጠቀም። ኤክሴል ወይም ሊብሬ ኦፊስ ካልክ አይጠፋህም። የያዝከው ሥራ ማባዛትና መቀነስ ነው፤ ለዚህ ማትላብ መፈለግ አንድ ብሎን ለመፍታት ጋራዥ እንደ መከራየት ነው።

ከላይ ግብዓቶቹን ብቻ በየሴላቸው አስቀምጥ፦ የመስመሩ ቮልቴጅ፣ የትራንስፎርመሩ ሬሾ፣ ከረንት፣ ካፓሲተር። ፎርሙላዎቹ ከታች ይሁኑ። ፎርሙላ ውስጥ ቁጥር በቀጥታ አትጻፍ፣ ሁልጊዜ ሴሉን ጥራ።

አሁን እንሥራው። 12 ሲባዛ በ1.414 ወደ 17 ቮልት ይመጣል፤ ፒኩ (ከፍተኛው ነጥብ) ነው። ብሪጅ ውስጥ ከረንቱ በአንድ ጊዜ በሁለት ዳዮድ ስለሚያልፍ 1.4 ቀንስ፤ 15.6 ቀረ። ሪፕሉን (ካፓሲተሩ ላይ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ የሚልበትን መጠን) ለማግኘት ከረንቱን ለፍሪኩዌንሲና ለካፓሲተሩ ብዜት ታካፍላለህ። መብራታችን 50 ኸርትዝ ነው፣ ከብሪጁ በኋላ 100 ይሆናል። 1 አምፒር በ4700 ማይክሮ ፋራድ 2.1 ቮልት ሪፕል ያመጣል። ስለዚህ ቮልቴጁ ዝቅ ሲል 13.4 ይደርሳል። 7812 ደግሞ 12ቱን ለመጠበቅ መግቢያው ላይ ቢያንስ 14 ገደማ ይፈልጋል። ሙሉ ጭነት ላይ ሬጉሌተሩ መያዝ ያቅተዋል፣ አምፕሊፋየርህም ሃም (የሚያጉረመርም ድምፅ) ያሰማል ማለት ነው።

ካፓሲተሩን 6800 አድርገው፤ 14.1 ይልሃል። ተገላገልኩ እንዳትል። የመስመሩን ሴል ከ220 ወደ 198 አውርደህ ተመልከት። እኛ ሰፈር ምሽት ላይ ከዚያም በታች ይወርዳል።

የኮሌጅ መምህር

ለፓወር ሰፕላይ ኤክሴል ይበቃል፤ በዚህ እስማማለሁ። ፊልተር ላይ ስትደርስ ግን ኮምፕሌክስ ቁጥር ይመጣል። ኤክሴል ኮምፕሌክስ ቁጥርን የሚይዘው እንደ ጽሑፍ ነው። ለመደመር፣ ለማባዛት፣ ለማካፈል ለየብቻ ፈንክሽን ትጠራለህ። ሦስት ኢምፔዳንስ (ለኤሲ ያለ መቋቋም) ፓራለል ስታደርግ የጻፍከውን አንተም መልሰህ አታነበውም።

ጂኤንዩ ኦክታቭን አውርድ። ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የማትላብን አጻጻፍ ይቀበላል። የተማርከው አብዛኛው እንዳለ ያገለግልሃል። የኪርቾፍ የሰርኪዩት ሕጎች የሚያመጡብህን ብዙ እኩልታ በማትሪክስ በአንድ መስመር ይፈታዋል፣ ግራፍም ይሥላል። የማትላብ ሲሙሊንክ (በሥዕል እየገጣጠሙ ሲስተም መሞከሪያ) ግን የለውም፤ እሱን የሚመስል ካስፈለገህ ሳይላብ በሚባለው ሌላ ነፃ ሶፍትዌር ውስጥ ኤክስኮስ አለ። ኦክታቭ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄደህ አውርደው።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማስጠነቅቃቸው ሎጋሪዝሙን ነው። ኦክታቭ ላይ ሎግ ብቻ ብለህ ብትጽፍ የሚሰጥህ ተፈጥሯዊውን ሎጋሪዝም ነው። ለዴሲቤል ሎግ 10 ያለበትን ፈንክሽን መጥራት አለብህ። ኤክሴል ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ሎግ ካልክ በ10 ነው የሚቆጥረው። ሳይንና ኮሳይን ሁለቱም ላይ በራዲያን ናቸው፣ በዲግሪ አትስጣቸው።

አዲስ ሶፍትዌር ስትጭን መጀመሪያ መልሱን በምታውቀው ሞክረው። 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ያለው ፊልተር 159 ኸርትዝ ላይ ነው የሚቆርጠው። እዚያች ነጥብ ላይ 3 ዴሲቤል መውረድ አለበት። ወደ 7 የሚጠጋ ካሳየህ ሎጋሪዝሙን አሳስተሃል።

ኮድ ጸሐፊ

ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚጠቅስ ሰው የለም? ተጨማሪ ጥቅሎቹ ነምፓይና ሳይፓይ ኦክታቭ የሚሠራውን ይሠራሉ፣ ሲምፓይ ደግሞ ፎርሙላውን በፊደሉ ይፈታል። ቋንቋውም ነገ ለሌላ ሥራ ይጠቅምሃል።

የኮሌጅ መምህር

እውነት ነው፤ ግን ልጁ የጠየቀው የሪፕል ስሌት ነው። ፕሮግራሚንግ ለመማር ጊዜ ካለው ይማር። በፊደል መፍታት ብቻ ከሆነ የሚፈልገው ማክሲማ አለ። በነፃ ይገኛል፣ እኩልታ ይፈታል፣ ይበቃል።

ሶልደሩ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥገና ቤት፣ እንዳልከኝ 198 አስገባሁ። ሪፕሉ ሳይቀነስ ገና ከዳዮዶቹ በኋላ ፒኩ ራሱ 13.9 ሆነ! ምንም ካፓሲተር ብጨምር አይረዳኝም ማለት ነው። ትራንስፎርመሩን 15 ቮልት ባደርገውስ?

ሌላ ጥያቄ፦ ሰርኪዩትን ኮምፒውተር ላይ የሚሞክረው ኤልቲስፓይስ ካለ ይሄ ሁሉ ስሌት ለምን ያስፈልጋል?

ጥገና ቤት

በ15 ቮልት ይሠራል። መስመሩ 198 ሲሆንም በ4700 ካፓሲተርህ ዝቅተኛው 15.6 ይሆናል። ነገር ግን መብራቱ 220 ሲሆን ሬጉሌተሩ ላይ ወደ 7 ዋት ሙቀት ይቀራል። ያለ ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያወጣ ብረት) አትሞክረው። ካፓሲተሩንም የ35 ቮልት ግዛ፤ ፒኩ 21 ስለሚደርስ የ25ቱ መስመሩ ከፍ ሲል ያሰጋል።

ሚሊቮልት

ኤልቲስፓይስ ነፃ ነው፣ ጥሩም ነው። ግን ሰርኪዩቱ ምን እንደሚያደርግ ነው የሚነግርህ፤ የትኛውን ካፓሲተር እንደምትመርጥ አይነግርህም። መጀመሪያ በኤስማዝ ወይም በኤክሴል ምረጥ፣ ከዚያ እዚያ አስገብተህ ፈትሽ።

ኤልቲስፓይስ ላይ ስትጽፍ አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም። 1 ሜጋ ኦም ለማለት ቁጥሩ ላይ በትልቁ ኤም ብቻ ብትጨምር 1 ሚሊ ኦም አድርጎ ይወስደዋል። ሜግ (MEG) ብለህ በሦስት ፊደል ጻፈው። ከነጥብ በኋላ በሚደረድራቸው ቁጥሮችም አትደነቅ፤ የምትገዛው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ብዙውን ጊዜ 20 በመቶ ወዲያና ወዲህ ይላል።