«ከተከፈለበት በረካው ይጠፋል»

ጦሳ ሥር፦
ትናንት ደሴ አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ወሬው ስለ አካል ጉዳተኞች ነው። አንዲት ሴት ተነስታ «ቤት ውስጥ ለሚያነሳን፣ ለሚያጥበን፣ ለሚያለብሰን ሰው መንግሥት ለምን አይከፍልም?» ብላ ጠየቀች። መድረክ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይሄ የወሎ ባህል አይደለም። እንክብካቤ ከተከፈለበት በረካው ይጠፋል።» አዳራሹ አጨበጨበ! እኔ ተናድጄ ወጣሁ። እስቲ ንገሩኝ፣ ችግሩ የእኔ ነው?

መርሳ ብርቱካን፦
ሰውየው ምን አጠፋ? ልጅ እናቱን አጥቦ ደመወዝ ሊፈርም ነው? ወር ሲደርስ ቀበሌ ሄዶ «ሠላሳ ቀን አጥቤአለሁ» ሊል? አያድርስ። እኛ ቤት አያቴ ሰባት ዓመት ተኝታ ነው የሞተችው። አንድ ቀን ቆሽሻ አታውቅም። ማንም ሳንቲም አልከፈለንም፣ አልጠየቅንምም።

የሰኞ ገበያዋ፦
ማን ነበር የሚያጥባት? አንተ?

መርሳ ብርቱካን፦
ቤተሰብ።

የሰኞ ገበያዋ፦
ቤተሰብ ስም አለው። ማን?

መርሳ ብርቱካን፦
እህቴ። ምን ልትይ ነው?

የሰኞ ገበያዋ፦
እሱን ልል ነው እንጂ! ምርቃቱን አንተ ወሰድክ፣ የወገብ ሕመሙን እሷ።
እኔም ወንድም አለኝ። ሕንፃ ሲሠራ ከመወጣጫ ወድቆ አከርካሪው ተጎዳ። ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት፣ ሌሊትም ቢሆን። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ ነው የተቀመጥኩት። አንድ ጊዜ ለልቅሶ ሐይቅ አደርኩ። ስመለስ ጀርባው ላይ የሳንቲም ያህል ቀይ ነገር አየሁ። ያ ነገር ቁስል ሆኖ አምስት ወር ፈጀብን። አንድ ሌሊት ነው ያደርኩት። አሁን በረካ ምናምን አትበሉኝ። በረካ ሦስተኛው ስኒ ነው፣ እኔ አቦሉን እንኳን ተቀምጬ አልጠጣም።

ጦሳ ሥር፦
አብሽሪ እህቴ። አላህ ያግዝሽ።

የሰኞ ገበያዋ፦
አሚን። ግን «አላህ ያግዝሽ» ዳይፐር አይገዛም።

ኮምቦልቻ ኬላ፦
ሐዘኑ ይገባኛል። ግን ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ተፈናቃይ ገና መጠለያ ውስጥ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደን መድኃኒት ከውጭ ግዙ እንባላለን። እናንተ ለሚያጥብ ሰው ደመወዝ ትላላችሁ። ደግሞ ይሄ ከተጀመረ አገሩ ሁሉ በአንድ ሌሊት አካል ጉዳተኛ ሆኖ ያድራል፣ የሞተ ሰው ሳይቀር ይመዘገባል። ቅሬ አለን አይደል? ቅሬው ያግዝ።

ደላንታ ገደል፦
ቅሬ የሚመጣው ስትሞት ነው ወንድሜ። ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ይቀብራል። ከመሞትህ በፊት ጀርባህን የሚያጥብ ቅሬ እስካሁን አላየሁም።

ኮምቦልቻ ኬላ፦
የእናንተ ቅሬ ነዋ እንደዛ። በእኛ የታመመ ሰው በተራ ይጠየቃል።

ደላንታ ገደል፦
«ይጠየቃል።» እግዜር ይማርህ ብሎ፣ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። ቡናውን ማን ያፈላል? ያችው የምታስታምመዋ!
ስለ ሴፍቲኔት፣ ለምግብ ለተቸገረ ቤተሰብ በሥራ ስለሚሰጠው የመንግሥት እርዳታ፣ ልንገራችሁ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እኛ ጋ ይታወቃል። ቀጥታ ድጋፍ፣ ማለትም ያለ ሥራ የሚከፈለው፣ የሚሰጠው ቤቱ ውስጥ መሥራት የሚችል ሰው ለሌለው ነው። አክስቴ ልጇ እጅና እግሩ አይታዘዝለትም። እሷ ግን ጉልበት አላት ተብላ እርከን ሥራ ተመደበች። እሷ ድንጋይ ስትደረድር ልጁን ማን ያጉርሰው? መዝጋቢው «ጎረቤት የለሽም?» አላት። እሷ ሥራ ላይ ናት እኮ ልጇን ስትይዝ። ያንን ሥራ ብሎ የሚጽፍ ቅጽ የለም።

ባለ አራት ጎማ፦
እስካሁን ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር። አንድ ነገር ግን አስቆጣኝ። ሁላችሁም አስታማሚ፣ ማስታመም ትላላችሁ። እኔ አልታመምኩም! መምህር ነኝ። ዊልቸር ላይ ነኝ እንጂ ጉንፋን እንኳን የለብኝም። የምፈልገው ረዳት ነው። ጠዋት ከአልጋ የሚያነሳኝ ልጅ ካልመጣ ክፍል አልገባም፣ አለቀ። ያን ቀን ተማሪዎቼ ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። አዋጅ 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ረዳት ይመድብ ይላል። ጥሩ። ያ ግን የሥራ ቦታ ነው። ከአልጋዬ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያለው የማን ነው? የእናቴ ነው። እናቴ ደግሞ አርጅታለች።

መርሳ ብርቱካን፦
ጋሼ፣ ቃሉን በክፉ አይደለም የተናገርነው።

ባለ አራት ጎማ፦
በክፉ አላልኩም። በሽተኛ ካልከኝ «ይማርህ» ብለህ ትሄዳለህ። ረዳት ያጣ ሠራተኛ ካልከኝ ግን መልስ መስጠት ይኖርብሃል። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ሐይቅ ዳር፦
በዚህ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አንቀጽ 19 ላይ የግል ረዳት የሚለው በስም ተጠቅሷል፣ ሰው ከማኅበረሰቡ ተነጥሎ እንዳይኖር። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን እንዲረዳ ያዛል።

ደላንታ ገደል፦
«አቅም በፈቀደ መጠን»! አቅም መቼ ፈቅዶ ያውቃል? አቅም እንደ እኛ ሰፈር ውሃ ነው፣ ሌሊት መጥቶ ሳናየው ይሄዳል።

ሐይቅ ዳር፦
ቀልዱን ትተህ፣ ቢያንስ ለመጠየቅ መሠረት ነው።

ስቶክሆልም ነኝ፦
ሰላም ናችሁ የአገሬ ልጆች። ስዊድን ከ1994 እንደ ፈረንጅ ጀምሮ ሕግ አላት። ሰውዬው ለመሠረታዊ ነገር፣ ለመታጠብ፣ ለመልበስ፣ ለመብላት፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እርዳታ ካስፈለገው የረዳቱን ዋጋ መንግሥት ይከፍላል። ረዳቱን የሚመርጠው ራሱ ነው። እህቱን ሊቀጥር ይችላል። እኔ ራሴ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬአለሁ።

ኮምቦልቻ ኬላ፦
መጣ ደግሞ ስዊድን። እዛም ማጭበርበር በዝቶ ሲጨቃጨቁ አይደል የኖሩት?

ስቶክሆልም ነኝ፦
አዎ፣ ያጭበረበሩ አሉ። ሰዓት የተቀነሰባቸውም አሉ፣ ያለ ጥፋታቸው። ግን አንዱ ሰረቀ ብለህ ገበያውን አትዘጋም። ስለ በረካ ደግሞ ልንገርህ። እኔ በዛ ደመወዝ ወሎ ያለችውን እናቴን የምትረዳ ሴት ቀጥሬአለሁ። የእናቴ በረካ ጠፋ ታዲያ?

መርሳ ብርቱካን፦
የራሱን እናት ጥሎ የሰው አባት የሚያጥብ ነው የሚመክረን። አበስኩ ገበርኩ።

ስቶክሆልም ነኝ፦
...

ጦሳ ሥር፦
ይሄ ነውር ነው። ይቅርታ ጠይቅ።

መርሳ ብርቱካን፦
ምን አልኩ? እውነት ነው። ያልኩት ባህል ነው።

የሰኞ ገበያዋ፦
ባህል ባህል የሚለው ሁሌ የማያጥበው ሰው ነው። እህትህን እዚህ ግሩፕ አስገባትና እሷ ትንገረን።

መርሳ ብርቱካን፦
እህቴ ስልክ የላትም።

የሰኞ ገበያዋ፦
አያችሁ?

አድሚን፦
መሰዳደብ ይብቃ። ሃይማኖትና እናት አትንኩ።

ኮምቦልቻ ኬላ፦
እሺ፣ በቁም ነገር። ብር ከመክፈል ይልቅ በየከተማው አንድ ማእከል ቢሠራስ? ሁሉም እዛ ይሰብሰብ፣ ባለሙያ ይኑር። ለቁጥጥርም ይመቻል።

ባለ አራት ጎማ፦
ለማን ይመቻል? እኔ ቤት አለኝ። ጓሮዬ ጌሾ አለ። ለቁጥጥር እንዲመች ብዬ ማእከል ልግባ? ከብት ነኝ?

ኮምቦልቻ ኬላ፦
እንደሱ አላልኩም ጋሼ፣ ወላሂ።

ሐይቅ ዳር፦
የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይሄዱ የለ? ለምን እነሱ...

ደላንታ ገደል፦
እነሱ ላይ የቀረ ነገር እንጫን እንዴ? ክትባቱም እነሱ፣ ሽንት ቤቱም እነሱ፣ ቆጠራውም እነሱ።

የሰኞ ገበያዋ፦
እኔ ሚሊዮን አልጠየቅኩም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ግማሽ ቀን፣ የሠለጠነ ሰው ይምጣልኝና ገበያ ልውጣ። አንድ ሌሊት ልተኛ። ለዚህ ነው አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያጨበጭብብን? በሉ አሥር ሰዓት ሊሞላ ነው፣ ላገላብጠው።

መርሳ ብርቱካን፦
ለእኔ ግን በረካው...

ጦሳ ሥር፦
አሁንም በረካ?!

ባለ አራት ጎማ፦
ከዚህ ሁሉ ክርክር መሃል አንድ ጥያቄ። የዊልቸር ካላማዳሪ የት ይገኛል? አንዱ ጎማ ከትናንት ጀምሮ አየር አይዝም። ነገ ፈተና አለብኝ።

ኮምቦልቻ ኬላ፦
ጋሼ፣ የልጆች ብስክሌት ካላማዳሪ ይሆናል። ቁጥሩን ላክልኝ፣ ከዚህ ይዤ እመጣለሁ።

ደላንታ ገደል፦
ይሄኛው ይከፈልበታል ወይስ በረካው ይጠፋል?