ክርክር፦ ለፈረሱ ቀን «ፌስቲቫል»፣ «ድግስ» ወይስ «ትርኢት»?

ጥያቄው፦ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል አንዱ «ካርኒቫል»፣ ሌላው «ፌስቲቫል»፣ ሌላው «ድግስ» እያለ ይጽፈዋል። ብዙ ገንዘብ ለወጣበትና ሕዝብ ጎርፎ ለሚያየው ነገር የትኛው ቃል ይስማማል?

አርታኢው፦ «ካርኒቫል» ከወዲሁ ይውጣ። በካቶሊኮች ዘንድ ከዐቢይ ጾም በፊት ሥጋ የሚሰናበቱበት ሰሞን ስም ነው፤ የኛ ቅበላ ማለት ነው። የፈረስ በዓል ምኑ ቅበላ ነው?

የቡሬው፦ «ድግስ»ስ ምን አነሰው? «የሙዚቃ ድግስ» ሲባል እኮ ወጥ የሚጠብቅ የለም።

አርታኢው፦ እሱን የሚያድነው «የሙዚቃ» የሚለው ዘርፍ ነው። ዘርፉን አንሣና «ታላቅ ድግስ በእንጅባራ» ብለህ ጻፈው፤ አንባቢው ጠላውንና ጥሪውን ነው የሚያስበው። ስታመነታ ግሡን አስጠጋለት፦ ድግስ ይደገሳል፣ ይበላል፣ ታዳሚ ይጠራበታል። ሽምጥ ግልቢያ አይደገስም።

የኔታ፦ «ግብር»ም እንዲሁ ነው የሞተው። ንጉሥ ግብር ሲያበላ ቃሉ ድግሱን ከነአቀማመጡ፣ ከነማዕረጉ ይይዝ ነበር። ዛሬ «ታላቅ ግብር» ብላችሁ ስቀሉ፤ ነጋዴው ደረሰኙን ነው የሚፈልገው።

የዳንግላዋ፦ «ፈንጠዝያ»ን የረሳችሁት ለምንድን ነው? በሞሮኮና በአልጄሪያ ፈረሰኞች ተሰልፈው ሲጋልቡ፣ መጨረሻ ላይ ባሩድ ሲተኩሱ፣ አውሮፓውያን ያንን «ፋንታዚያ» ነው የሚሉት። ለፈረስ ከዚህ የቀረበ ቃል ከወዴት ይመጣል?

የኔታ፦ እዚያ ሌላ ነው፣ እኅቴ። በአማርኛ ፍርድ አለበት፤ «ሰው እየተራበ ፈንጠዝያ» ይባላል፣ ሰባኪም «ዓለማዊ ፈንጠዝያ» ብሎ ይገሥጻል። ቀኑ ደግሞ የጊዮርጊስ ነው። «ፌሽታ»ም ያው ነው፤ የጭፈራ ቤት ሽታ አለው።

የቡሬው፦ «ትዕይንት» ልበል?

አርታኢው፦ በቲያትር ትርጉሙ ደኅና ነው። ግን «ታላቅ የሕዝብ ትዕይንት» ስትል «ትዕይንተ ሕዝብ» ይመጣል፤ እሱ ሰላማዊ ሰልፍ ነው። በዚህ ዘመን ያ ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል።

ሰሌዳ ጻፊው፦ እኔ በፊደል ነው የምቆጥረው። ባጃጅ ላይ ሆኖ ለሚያነብ «ፌስቲቫል» 5 ፊደል፣ «ትርኢት» 4፣ «በዓል» 3። ባነሰ ቁጥር ይጎላል። አንድ ነገር ግን ንገሩኝ፤ «ትርዒት» የሚል ትእዛዝ ይመጣል፣ «ትርኢት» የሚልም ይመጣል።

የኔታ፦ ከግእዙ «ርእየ» (አየ) ነው የወጣው፣ ፊደሉ አሌፉ «አ» ነው እንጂ ዐይኑ «ዐ» አይደለም። «ትርኢት»።

አርታኢው፦ እንግዲያውስ ለሦስት ይከፈል። ቀኑ «በዓል» ነው፤ ሜዳው ላይ የሚታየው «ትርኢት» ነው፤ እንግዳ በፈረስ ታጅቦ ሲገባ «አጀብ» ነው። ሦስቱን በአንድ ቃል ለመጠቅለል ስንታገል ነው ባዕድ ቃል የምንበደረው። «በደማቅ ሁኔታ ተከበረ»ንም አንሡልኝ፤ ምንም አያሳይም። «ጉግስ፣ ሽምጥ፣ ሶምሶማ» ብሎ መዘርዘር ያደምቃል።

የቡሬው፦ ከሩቅ የሚመጣው ቱሪስትስ «ትርኢት» ሲል ማንን ይጠይቃል?

ሰሌዳ ጻፊው፦ ለሱ «ፌስቲቫል»ን ከሥር በትንሽ ፊደል እጽፍለታለሁ። ላይኛው መስመር የኛው ይሁን።

የዳንግላዋ፦ «በዓል» ብቻውን ግን ለፈረሱ ያንሳል። እኔ አልተስማማሁም።