ቢጫ ፕሉሜሪያ ከየት ልግዛ? ካሊፎርኒያና አካባቢዋ ላላችሁ ጥቆማ

«ሽታው ደጁን የሚያውድ፣ ቢጫ አበባ ያለው ፕሉሜሪያ እፈልጋለሁ። ሳን ዲዬጎ ነኝ። ከትልልቆቹ መደብሮች ልግዛ ወይስ ኦንላይን ልዘዝ?» ብላ አንዲት እህት ጠይቃለች። ይህ ጥያቄ ሰመር በመጣ ቁጥር ስለሚነሳ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

እህቴ፣ ከየት ከሚለው በፊት የትኛውን የሚለውን እንጨርስ። ፕሉሜሪያ (ፍራንጂፓኒም ይሉታል) ሙቀት የሚወድ ትንሽ ዛፍ ነው፤ ቢጫውም ዓይነቱ ብዙ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚተክል ሰው ግን ያለ ማመንታት የምጠቁመው ሴላዲን የሚባለውን ነው። ሃዋይ ውስጥ በየመቃብር ስፍራው ስለሚተከል «የመቃብር ቢጫ» እያሉም ይጠሩታል፤ ስሙ አያስደንግጥሽ። እዚያው ሃዋይ ለእንግዳ አንገት የሚጠለቀውን የአበባ ጉንጉን የሚሠሩትም በአብዛኛው በእሱ ነው፤ ቅጠለ አበባው ወፍራም ስለሆነ ከተቀጠፈ በኋላ ቶሎ አይጠወልግም። መሐሉ ደማቅ ቢጫ፣ ጠርዙ ነጭ ነው። ሽታው ሎሚ ሎሚ ይላል። ስር ለማውጣትም አያስቸግርም።

ሁለተኛው አዝቴክ ጎልድ ነው። አበባው ከሴላዲን ይተልቃል፣ ቢጫው ለስለስ ይላል፣ ሽታው ደግሞ ወደ ኮክ ይሄዳል። እኔ ለሽታ ብቻ ከሆነ እሱን አስቀድማለሁ። ባሊ ዌርል የሚባል ድርብርብ አበባ ያለውም አለ፤ ከሴላዲን የወጣ ነው። ፎቶ ላይ ያምራል፤ ለእኔ ግን ነጠላው ይበልጥብኛል።

አንድ መጠንቀቅ ያለብሽ ነገር አለ። ሲንጋፖር የሚባለውን ነጭ ፕሉሜሪያ «ቢጫ ነው» ብለው የሚሸጡ አሉ። መሐሉ ላይ ትንሽ ቢጫ ነጥብ አለው እንጂ አበባው ነጭ ነው። አበባ ሳይኖረው በቅጠሉ መለየት ይቻላል፦ የሲንጋፖር ቅጠል ጫፉ ድቡልቡል ነው፣ የሴላዲን ግን ይሾላል። ሲንጋፖር ብርድም ብዙም አይችልም።

አሁን ወደ ገበያው።

ሳን ዲዬጎ ካለሽ ቅድሚያ የምሰጠው ለሳውዘርን ካሊፎርኒያ ፕሉሜሪያ ሶሳይቲ ነው። አባላቱ ከገዛ ጓሯቸው ያባዙትን ባልቦአ ፓርክ ውስጥ አውጥተው ይሸጣሉ። ጥቅሙ ዋጋው ብቻ አይደለም። የሚሸጥልሽ ሰው ተክሉን ራሱ ያሳደገው ስለሆነ ስሙን ያውቀዋል፣ ያንቺ ሰፈር ብርድ ስንት እንደሚደርስም ያውቃል። አንቺ ባሕሩ ዳር ነሽ ወይስ ከባሕሩ ራቅ ብላ ያለችው ኤል ካሆን? ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ይህንን ሳትነግሪያቸው ይጠይቁሻል። በሽያጫቸው ቀን በጠዋት ሂጂ፣ ታዋቂዎቹ ስሞች ቶሎ ያልቃሉ። ሂዩስተን ያላችሁ ደግሞ በ1979 የተመሠረተው የፕሉሜሪያ ሶሳይቲ ኦፍ አሜሪካ እዚያው እናንተ ጋ ነው። በዓለም ላይ የፕሉሜሪያ ዝርያ ስም የሚመዘግበውም እሱ ነው።

በፕሉሜሪያ ከሚታወቁት ችግኝ ጣቢያዎች መካከል ሳን ዲዬጎ ካውንቲ ውስጥ ጃንግል ጃክስ አለ። በፖስታ የምታዙ ደግሞ ሆምስቴድ ፍሎሪዳ ያለውን ፍሎሪዳ ከለርስን ተመልከቱ፤ የተዳቀሉ ተክሎች ይልካሉ። የተዳቀለ ማለት ስር ያለው ችግኝ ላይ የምትፈልጉት ዝርያ የተቀጠለበት ነው። ዋጋው ከቁራጭ (ስር ካላወጣ ቅርንጫፍ) ይወደዳል፤ ግን ስር ያወጣል አያወጣም ብሎ መጨነቅ የለም። ለአዝቴክ ጎልድ እንዲህ ዓይነቱን ወጪ አልቃወምም። ለሴላዲን ግን ብር ማባከን ነው።

ትልልቆቹ መደብሮች፣ እነ ሆም ዲፖና ሎውስ፣ ለአፈርና ለመትከያ ይሁኑላችሁ። ፕሉሜሪያ ሲያመጡ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ «ቢጫ» ወይም «ቀይ» ብቻ ነው የሚጻፈው። አብቦ ካገኛችሁት አሽትታችሁ ግዙ። ካላበበ እለፉት።

ከሃዋይ የሚመጣው በላስቲክ የታሸገ ቁራጭስ? ተመርምሮ ማኅተም ያለበት ከሆነ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ለስጦታ ጥሩ ነው። የታችኛው ጫፉ በሰም የተነከረ ከሆነ ከመትከላችሁ በፊት ሰሙ ያለበትን ጫፍ ቁረጡት።

ኦንላይን ዘር አትግዙ። ፕሉሜሪያ ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም፤ የሴላዲን ዘር ሴላዲን አይሰጥም። እስኪያብብም ዓመታት ይፈጃል። ሰማያዊ ፕሉሜሪያ የሚል ፎቶ ካያችሁማ ጨርሶ አትንኩት፤ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ግን እኮ ሴላዲን በነጻ ይገኛል። ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ በየሰፈሩ ጎረቤት ጓሮ አለ። ፀደይ ላይ ሰዎች ሲከረክሙ አንድ ቅርንጫፍ ስጡኝ ማለት ነውር አይደለም። የክንድ ያህል፣ ማለትም ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ቆዳው ግራጫ የሆነ የበሰለ ቅርንጫፍ ምረጡ። አረንጓዴውና ለስላሳው ጫፍ ቶሎ ይበሰብሳል። ሲቆረጥ እንደ ቁልቋል ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ወተቱ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ። ከዚያ ቅጠሉን ቆርጣችሁ ቁራጩን ጥላ ሥር አንድ ሁለት ሳምንት አድርቁት። የተቆረጠው ቦታ እስኪደርቅና እስኪጠነክር ድረስ አፈር አይንካው። ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ ወተቱ ሳይደርቅ የተተከለ ብዙውን ጊዜ ከታች ይበሰብሳል።

አፈሩ፦ ለቁልቋል ተብሎ የሚሸጠው አፈር ከፐርላይት (ውኃ እንዲያሳልፍ ከሚደባለቀው ቀላል ነጭ ጠጠር) ጋር እኩል በእኩል። ፐርላይት ካጣችሁ ፐሚስ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ጠጠር ይሆናል። መትከያው ትንሽ ይሁን፣ አንድ ጋሎን ይበቃል፤ ትልቅ ዕቃ ውኃ ይዞ ስለሚቆይ ለቁራጭ አይመችም። ስትተክሉ አንዴ አጠጡና ተዉት። ጫፉ ላይ ቅጠል ወጥቶ እስኪዘረጋ ድረስ ውኃ አትጨምሩ። እስከዚያ አትነቅንቁት፣ ስሩ ሲወጣ እንደ ክር ቀጭን ስለሆነ ይሰበራል። በጣታችሁ ግን ግንዱን ጫን አድርጋችሁ እዩት። ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። ከለሰለሰ በስብሷል፤ ደህናው ቦታ ድረስ ቁረጡና እንደገና አድርቁት።

ማዳበሪያ ላይ ክርክር አለ። ፎስፈረስ የበዛባቸውን «አበባ ጨማሪ» የሚሏቸውን የሚያሞካሽ ሰው አታጡም። እኔ አልገዛቸውም። ፎስፈረስ ከበዛ ተክሉ ብረትና ሌሎች ንጥረ ነገሮች እንዳይወስድ ያግደዋል። ቀስ ብሎ የሚሟሟ ተመጣጣኝ ማዳበሪያ፣ ለምሳሌ ኦስሞኮት፣ ፀደይ ላይ አንዴ ጣል ማድረግ ይበቃል። ካላበበ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የማዳበሪያ አይደለም፣ የፀሐይ ነው። ቢያንስ ስድስት ሰዓት የቀን ፀሐይ ይፈልጋል።

ሽታው የሚበረታው ሲመሽ ነው። አበባው ማር የለውም፤ በመዓዛው የሚያታልለው የሌሊት የእሳት ራት ነው። ስለዚህ ማታ የምትቀመጡበት በረንዳ አጠገብ አስቀምጡት።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ደግሞ «እኛ ጋ በረዶ አለ፣ ይቻላል?» ብላችኋል። ይቻላል፣ በመትከያ ከሆነ። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ወደ ቤት አስገቡት። ቅጠሉን ካራገፈ ተኝቷል ማለት ነው፤ ጋራዥ ወይም ቤዝመንት ውስጥ ያለ ብርሃንም ያለ ውኃም ይከርማል። በረዶ እንዳይነካው ብቻ። ለእናንተ ቁመቱን መቆጣጠር ስለሚያስፈልግ፣ በየዓመቱ ፀደይ ላይ ቁረጡት፤ ከተቆረጠበት ቦታ ቅርንጫፍ ያበዛል፣ አበባም የሚወጣው ከቅርንጫፍ ጫፍ ነው።

አዲስ አበባ ለእናቴ ልላክ ያላችሁኝ አላችሁ። አዲስ አበባ ለፕሉሜሪያ ትበርዳለች፤ ቢያድግም አበባ ላይ ይሰንፋል። ለባሕር ዳር፣ ለሀዋሳ ወይም ለድሬዳዋ ከሆነ ግን ደስ ይለዋል። ይህን ከዚህ በሻንጣ ከመላክ እዚያው ካደገ ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ መለመን ይሻላል፤ አየሩንም ለምዶታል፣ የዕፅዋት ጤና ወረቀት ፍለጋም ትድናላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከየትም ብትገዙ ከመክፈላችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጡት። ከሥሩ ብርቱካናማ ዱቄት ከታየ ዝገት የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው፤ ፍሎሪዳና ሃዋይ ላይ የተለመደ ነው። ተክሉን አይገድለውም፣ ግን ጓሯችሁ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ፕሉሜሪያዎች ያዳርሳል። ሻጩ «ይጠፋል» ቢላችሁም ሌላውን ምረጡ።