ከወለድኩ በኋላ ሽንት ያመልጠኛል፤ ፊዚዮቴራፒ ይረዳል?

የሁለት ልጆች እናት

ሰላም እህቶቼ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ አራት ወር አለፈኝ። በምጥ ነው የተገላገልኩት፤ ትንሽ ተሰፍቼ ነበር፣ ቁስሉ ድኗል። ግን ስስል፣ ሳስነጥስ፣ ትልቁን ልጄን ከመሬት ብድግ ሳደርገው ሽንት ጠብ ይልብኛል። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሞዴስ አድርጌ ነው፤ መስገድማ ትቻለሁ። ከአልጋ ስነሳ ደግሞ ከእምብርቴ በላይ መሃል ለመሃል የሆነ ነገር ወጣ ይላል።

ክትትል የማደርግበት ቦታ ስነግራቸው «ወልደሽ እኮ ነው፣ ያለ ነው» ብለው ሸኙኝ። እናቴ በበኩሏ ሆዴን በነጠላ ጥርቅም አድርጋ ታስረኛለች። የሥራ ባልደረባዬ «ፊዚዮቴራፒ ሂጂ» አለችኝ። ፊዚዮ እግሩ ለተሰበረ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። የወሊድ ፈቃዴ እያለቀ ነው፣ ሥራዬ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መቆም ነው። የምታውቁ ንገሩኝ።

ሰላም ከሰሚት

እንኳን ማርያም ማረችሽ። እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። ለባሌ እንኳን መናገር አፍሬ ተሸክሜው ቆየሁ። ፊዚዮ ሄጄ በጣም ቀሎልኛል። አትፈሪ፣ ሂጂ።

ፊዚዮቴራፒስቷ

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ጎንደር ተምሬ አሁን አዲስ አበባ ነው የምሠራው፤ ከማያቸው ታካሚዎች ብዙዎቹ አንቺን መሰል እናቶች ናቸው። «ያለ ነው» ማለታቸው እውነት ነው፣ ብዙ ሴት ላይ ይደርሳል። የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ መሸኘቱ ነው። ይህ የሚታከም ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ያለ መድኃኒትና ያለ ኦፕራሲዮን።

ከፊት ካለው የብልት አጥንት እስከ ኋላው የጭራ አጥንት የተዘረጋ ጡንቻ አለ፤ የዳሌ ወለል ጡንቻ እንለዋለን። ፊኛሽን፣ ማህፀንሽንና የአንጀትሽን ጫፍ ከታች ደግፎ የያዘ የአልጋ ጠፍር ማለት ነው። በእርግዝናው ክብደቱን ሲሸከም ከርሟል፣ በምጡ ሰዓት ደግሞ ከልክ በላይ ተለጥጧል። ስትስይ ከሆድሽ ወደ ታች ግፊት ይመጣል፤ የላላው ጡንቻ ቶሎ አይቆልፍም፣ ሽንቱ ያመልጣል።

አሁኑኑ መጀመር ትችያለሽ። በጀርባሽ ተኚና ጉልበትሽን እጠፊ። ሰው መሃል ፈስ ሊያመልጥሽ ሲል እንዴት ትይዢዋለሽ? እንደዚያው ከኋላ ቆልፊ፤ ከዚያ ሽንት እንደምትይዢ ወደ ፊት አምጪውና ወደ ውስጥ፣ ወደ ላይ ሳቢ። ትንፋሽሽ አይቋረጥ። ቂጥሽና ታፋሽ አይጨማደዱ። ጥቂት ሰከንድ ይዘሽ ልቀቂ፤ ያንኑ ያህል እረፊ። ከ8 እስከ 10 ጊዜ ደጋግሚ፣ በቀን ሦስቴ። ስትጠነክሪ መያዙን ቀስ በቀስ እስከ 10 ሰከንድ አድርሺው። መልቀቁ ከመያዙ እኩል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሳይላላ ሁለተኛውን አትጀምሪ።

እዚህ ላይ ልብ በይ። «ቤቴ እየሠራሁ ነው፣ ለውጥ የለውም» ብለው የሚመጡ አሉ፤ እጄን ሆዳቸው ላይ አድርጌ ሳየው ትንፋሻቸውን ውጠው ወደ ታች እያማጡ ነው። ይህ ጭራሽ ያብሳል። የሚያሳይሽ ሰው ያስፈለገው ለዚህ ነው። ሽንት ቤት ተቀምጠሽ ሽንትሽን እያቋረጥሽም አትለማመጂ፤ ፊኛሽ በደንብ እንዳይራገፍ ያደርጋል።

ሳልሽ ወይም ማስነጠስሽ ሊመጣ ሲል አስቀድመሽ ቆልፊ። ልጁን ወይም የውሃ ጄሪካን ስታነሺም እንዲሁ ቆልፊና ትንፋሽሽን እያወጣሽ ተነሺ። ይህን ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው አርኖልድ ኬግል የተባለ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም ነው፤ ኢንተርኔት ላይ «ኬግል» ሲሉ ይህንኑ ነው። ቢያንስ ሦስት ወር ታገሺው። በሳምንቱ ለውጥ የለም ብለሽ እንዳትተዪው አደራ።

ከእምብርትሽ በላይ የሚወጣው የሆድሽ ጡንቻዎች መሃል ላይ ስለተራራቁ ይመስለኛል። ተኝተሽ ጭንቅላትሽን ትንሽ ቀና አድርጊና ጣትሽን ከእምብርት በላይ አግድም አስገቢ። ከሁለት ጣት በላይ ከገባ መታየት አለበት። እስከዚያው ሆድ ለማጥፋት ተብሎ ተኝቶ ብድግ ብድግ ማለቱ ይቅርብሽ። ከአልጋ ስትነሺ በጎንሽ ዞረሽ፣ በእጅሽ ተደግፈሽ ተነሺ። የእናትሽን ነጠላ በተመለከተ፣ ላላ ተደርጎ ቢታሰር ወገብሽን ደገፍ ያደርግልሻል። ጥርቅም ሲል ግን ጫናው ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ጡንቻውንም አያሠራልሽም።

ትልልቆቹ የመንግሥት ሆስፒታሎች ፊዚዮቴራፒ ክፍል አላቸው። ስትሄዪ የእናቶችን የሚሠራ ባለሙያ እንዳለ ጠይቂ። ሴት ትየኝ ማለት መብትሽ ነው፤ የውስጥ ምርመራ ካልፈለግሽም እምቢ ማለት ትችያለሽ።

ሳትስይም ሳታስነጥሺም ቀን ከሌት ዝም ብሎ የሚፈስ ሽንት ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ፊስቱላ፣ ማለትም በፊኛና በብልት መሃል የተከፈተ ቀዳዳ፣ ሊሆን ስለሚችል እንቅስቃሴ አይፈታውም። ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማል፤ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱም ማዕከል አለው። ታች ብልትሽ ላይ የሚከብድ ወይም የሚወጣ ነገር ከተሰማሽም መጀመሪያ የማህፀን ሐኪም ይይሽ።

ሰባት ወሬ

ዶክተርዬ፣ እኔ ገና እርጉዝ ነኝ። ብሽሽቴን ያመኛል፤ ማታ ስገላበጥ እንባዬ ይመጣል። መንቀሳቀስ ይከለከላል የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?

ፊዚዮቴራፒስቷ

ሐኪምሽ በምክንያት ካልከለከለሽ እውነት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለጤነኛ እርጉዝ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ፈጠን ያለ የእግር መንገድ ይበቃል።

ለብሽሽትሽ፦ ስትተኚ በጉልበቶችሽ መሃል ትራስ አድርጊ። ስትገላበጪ ሁለቱን ጉልበት ገጥመሽ አንድ ላይ አዙሪ። ሱሪና ጫማ ቁጭ ብለሽ አድርጊ፣ በአንድ እግር አትቁሚ። ቡና ስታፈዪ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ እግርሽን ከፍተሽ አትቀመጪ፤ ከፍ ያለ ወንበር ይሻልሻል። ደም ካየሽ፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ደረትሽን ካመመሽ ወይም አንድ ባትሽ ብቻ ካበጠ ግን ለእንቅስቃሴም ለፊዚዮም አይደለም፤ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ከፍራንክፈርት

እዚህ ጀርመን ከወሊድ በኋላ አዋላጇ የምታስተምረው የእናቶች ጂምናስቲክ አለ፤ 10 ሰዓቱን የጤና ኢንሹራንሱ ይከፍላል። እናቶች ሁሉ ይሄዳሉ፣ ማንም አያፍርበትም። አገር ቤትም በክትትሉ ውስጥ ቢገባ ስንቷ በዳነች።

የሁለት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ተኝቼ ሞከርኩት፤ መጀመሪያ ትንፋሼን ይዤ ነበር፣ አሁን ገብቶኛል። በጣቴም ለካሁት፣ ሦስት ጣት ገባ። ለእናቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት ዝም አለችና «እኔም አንቺን ከወለድኩ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ» አለችኝ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው! አንድም ቀን ነግራን አታውቅም። ለእሷስ አልረፈደም?

ፊዚዮቴራፒስቷ

አልረፈደም። ጡንቻው በስልሳም በሰባም ዓመት ይሠለጥናል፤ የወር አበባ ካቆመ በኋላ የጀመሩና የተሻላቸው እናቶች አሉኝ። እሳቸው መጀመሪያ የሽንትና የስኳር ምርመራ ያድርጉ፤ ማህፀን መውረድ እንዳለም ሐኪም ይያቸው። አንቺም ሦስት ጣት ከገባ ሥራ ሳትጀምሪ ታዪ። ቀጠሮውን ለሁለታችሁም በአንድ ቀን ያዢው።