አንድሮኒኮስ «ንጉሥ ፍለጋ» ነው የወጣው?

የታሪክ ወዳጅ፦
ትናንት እዚህ ስለ ግሪካዊው አርኪዮሎጂስት ማኖሊስ አንድሮኒኮስ «ንጉሥ ፍለጋ የወጣ ሰው ንጉሥ ማግኘቱ አይቀርም» ተብሎ የተጻፈው በጣም አናዶኛል። ሰውየው በ1977 እ.ኤ.አ. ሰሜን ግሪክ፣ ቨርጊና ላይ ያልተዘረፈ መቃብር ከፍቶ «የታላቁ እስክንድር አባት የፊልጶስ ነው» ስላለ? ገና ተማሪ እያለ ከመምህሩ ከሮማዮስ ጋር እዚያው ቆፍሯል። ከ1952 ጀምሮ ደግሞ ስንት ዓመት የለፋው ከፊልጶስ በብዙ መቶ ዓመት በሚቀድሙ የብረት ዘመን መቃብሮች ላይ ነው። ንጉሥ ፈላጊ እዚያ ምን ይሠራል?

ቆንጥር፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አላነሳውም። ጋሼ፣ ልፋቱን ማንም አልካደም። መቃብሩን ኖቬምበር 8 ከፈተ፤ ወሩ ሳያልቅ ፊልጶስ ነው ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። አጥንቱን ያኔ ማን መርምሮት ነበር?

የታሪክ ወዳጅ፦
ማስረጃ ማለት አጥንት ብቻ ነው እንዴ? ከመቃብሩ የወጣውን የወርቅ ሣጥን አስበው። ክዳኑ ላይ ባለ 16 ጨረር ኮከብ፣ ውስጡ ተቃጥሎ በክብር የተሰበሰበ አጥንት፣ ከላዩ የወርቅ ቅጠል አክሊል። አንድሮኒኮስ ዕቃዎቹ ከ350 እስከ 325 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸው አለ። በዚያ መሃል ሞቶ መቄዶንያ የተቀበረ ንጉሥ ፊልጶስ ነው፤ እስክንድር የሞተው ባቢሎን ነው። ይሄ ስሌት ነው እንጂ ምኞት አይደለም።

ሐኪሙ፦
እኔ ግን ከአጥንቱ አልወጣም። ፊልጶስ ቀኝ ዓይኑን ጦርነት ላይ አጥቷል። በ1980ዎቹ የእንግሊዝ ባለሙያዎች የራስ ቅሉን ገጣጥመው የዓይኑን ጉዳት አየን አሉ። በ2000 ግሪካዊው የአጥንት ተመራማሪ ባርትሲዮካስ ያንኑ ቅል መርምሮ ጉዳት የለበትም፣ ሟቹ የእስክንድር ግማሽ ወንድም አሪዳዮስ ነው አለ። በ2010 እንግሊዞቹ መልስ ሰጡት። በ2015 ደግሞ እነ ባርትሲዮካስ ከጎኑ ካለው አንደኛው መቃብር የወጣ፣ አጥንቱ የተጣበቀ ጉልበት ይዘው መጡ። ፊልጶስ አንካሳ ስለነበር እሱ ይሄኛው ነው አሉ።

ቆንጥር፦
ጋሼ፣ ሰሙ? ባለሙያው ስንት ዓመት የሚጣላበትን ነገር እሱ በሳምንታት ጨረሰው። ቸኮለ የምለው ለዚህ ነው።

ሰላም፦
እናንተ አጥንት ትቆጥራላችሁ፣ ያ ኮከብ ሁለት አገር አጣልቷል። ቁፋሮው ፖለቲካ ውስጥ ባይገባ ይሻል ነበር።

የታሪክ ወዳጅ፦
እህቴ፣ ጊዜውን እዪው እንጂ። አንድሮኒኮስ ያረፈው ማርች 1992 ነው። ስኮፒዬ፣ ማለትም ከዩጎዝላቪያ ተለይታ መቄዶንያ ነኝ ያለችው የግሪክ ጎረቤት፣ ኮከቡን ባንዲራዋ ላይ ያደረገችው ከወራት በኋላ፣ ግሪክ ንግድ የዘጋችባት በ1994። እሱ በዚህ ውስጥ የለበትም።

ሰላም፦
እሱን አልከሰስኩም። ግን ፊልጶስ የሚለው ስም ባይለጠፍበት አንድ የሣጥን ክዳን ይህን ያህል ያጣላ ነበር?

የታሪክ ወዳጅ፦
መቄዶንያ የሚለው ስም ብቻውን ይበቃቸው ነበር። ከጉዳዩ አታውጪን።

ቆንጥር፦
ወደ ስሌትዎ ልመለስ። መቃብሩ ውስጥ ትንንሽ የሸክላ ጨው ማስቀመጫዎች ነበሩ። አቴንስ ከጥንቱ የገበያ አደባባይ (አጎራ) ከወጡት ጋር ተነጻጽረው፣ ከ325 ወዲህ የመጡ ናቸው ያሉ አሉ። እንደዚያ ከሆነ ስሌቱ ፈረሰ። አሪዳዮስ የተገደለው በ317 ነው።

የታሪክ ወዳጅ፦
የጨው ማስቀመጫ ዕድሜ በዓመት ልክ አይቆረጥም፣ እሱም ራሱ ያከራክራል። ደግሞስ አሪዳዮስ ንጉሥ አልነበረም? ፊልጶስ ተብሎ የነገሠ ሰው ነው። በአንተም አባባል ሳይዘረፍ የቆየ የመቄዶንያ ንጉሥ መቃብር የከፈተው አንድሮኒኮስ ነው። ኤጌ የተባለችው የነገሥታቱ መቀበሪያ ከተማ ቨርጊና መሆኗን ዓለም የተቀበለው በእሱ ቁፋሮ ነው። «ንጉሥ ፍለጋ» ያልከውን አንሳ።

ቆንጥር፦
የትኛው ንጉሥ እንደሆነ ሳይጣራ ስም የሰጠው ማን ነው? አላነሳም።

ሐኪሙ፦
የጉልበቱን ፎቶ የፈለገ ይጠይቀኝ፣ እልካለሁ።