ፋርማሲስት ደንበኛን «መጠጥ ትጠጣለህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት?

የማታ ተረኛ፦
ትናንት እዚህ የፋርማሲ ባለሙያዎች ቡድን ላይ «ፋርማሲስት መድኃኒቱን ይስጥ፣ የመጠጥ ምክሩን ለሐኪም ይተው» ተብሎ ተጽፎ ብዙ ሰው መደገፉ በጣም አናዶኛል። ዲያዜፓም (ማረጋጊያ) ወይም ትራማዶል (ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) የወሰደ ሰው መጠጥ ሲጨምርበት ትንፋሹ እየቀነሰ ሄዶ ተኝቶ ላይነሳ ይችላል። ይህን ሳይጠይቁ ክኒን ቆጥሮ መስጠት ሙያ ነው? ሦስት ጥያቄ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ወረፋ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። ከሚታደለው መድኃኒት ጋር የሚጋጨውን መናገር ግዴታችን ነው፣ ማንም አልካደም። የተቃወምኩት የሳል ሽሮፕ ሊገዛ የመጣን ሰው ስለ አኗኗሩ መመርመርን ነው። ደግሞ «ሁለት ደቂቃ» የምትለው እንዴት ተሰልቶ ነው?

የማታ ተረኛ፦
ሦስቱ ጥያቄ ኦዲት-ሲ ነው፤ የመጠጥ ልማድን የሚመዝነውን አጭር መጠይቅ ታውቀዋለህ። በምን ያህል ጊዜ ትጠጣለህ? በምትጠጣበት ቀን ስንት መለኪያ (የተወሰነ ግራም አልኮል ያለው መጠን) ትጠጣለህ? በአንድ ጊዜ 6 እና ከዚያ በላይ የምትጠጣው በየስንት ጊዜው ነው? እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ፣ በድምሩ 12። እንግሊዞች 5 ሲደርስ ወደ ሙሉው 10 ጥያቄ ያልፋሉ፤ አሜሪካኖች ለወንድ 4፣ ለሴት 3 ይበቃል ይላሉ።

ወረፋ፦
ሁለት ደቂቃህ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ያልቃል ወንድሜ። ሰው የሚነግርህ በጠርሙስ ነው እንጂ በመለኪያ አይደለም። 500 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ ውስጥ 25 ሚሊ ሊትር አልኮል አለ፤ ወደ ግራም ለመለወጥ በ0.79 ስታባዛው ወደ 20 ግራም ይመጣል። አንዱ መለኪያ 10 ግራም ከሆነ 2 ነው፣ በእንግሊዝ 8 ግራም 2.5፣ በአሜሪካ 14 ግራም 1.5 እንኳ አይሞላም። የትኛውን ይዘህ ነው ነጥብ የምትሰጠው? ቤት የተጠመቀ ከሆነማ መቶኛውን ማን ለክቶት!

ዋርድ፦
ሁለታችሁም ከባዱን ዘለላችሁት። በሙሉው 10 ጥያቄ 20 ነጥብ እና ከዚያ በላይ ያመጣን ሰው «ተው» ብሎ መሸኘት ራሱ ጉዳት ነው። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ከ6 ሰዓታት ገደማ በኋላ እጁ መንቀጥቀጥና ማላብ ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን መቃዠትና ግራ መጋባት ከመጣ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ምክር ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ጠዋት እጅህ ይንቀጠቀጣል? እሱን ለማብረድ ትጠጣለህ? ከዚህ በፊት ስታቆም ጥሎህ ያውቃል? አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ፣ በራሱ እንዳያቆም ነግራችሁ ወደ ሕክምና ላኩት።

የማታ ተረኛ፦
እህቴ፣ ይኼ እኮ የእኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው! ሐኪም ዘንድ ያልሄደውን ሰው በየሳምንቱ የሚያየው ፋርማሲስት ነው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልንና ጨጓራ የሚጎዳውን የሕመም ማስታገሻ ዳይክሎፌናክን እየደጋገመ የሚገዛ ሰው ጨጓራው ለምን እንዳልዳነ ማን ይጠይቀው?

ማስረጃ፦
የተሞከረ ነገር ስለሆነ በውጤቱ እንነጋገር። በለንደን ፋርማሲዎች ውስጥ 407 ደንበኞች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን የፋርማሲስት ምክር፣ ሌላው በራሪ ወረቀት ብቻ አገኘ፤ ውጤቱ በ2015 ታትሟል። ከ3 ወር በኋላ ምክሩ ከወረቀቱ የተሻለ ለውጥ አላመጣም። ምክሩ ደግሞ 10 ደቂቃ ገደማ የፈጀ እንጂ ሁለት ደቂቃ አልነበረም።

ወረፋ፦
10 ደቂቃው ያልሠራውን በሁለት ደቂቃ ልትሠራው ነው?

የማታ ተረኛ፦
ጥናቱ የለካው የመጠጥ ልማድ መቀነሱን ነው። እኔ የምለው ዛሬ ማታ ዲያዜፓምና መጠጥ እንዳይገናኙ ነው፤ ለዚህ ሁለት ደቂቃም ይተርፋል።

ወረፋ፦
እንግዲህ መጀመሪያ ያልከው ሦስት ጥያቄ ቀርቶ አንድ ማስጠንቀቂያ ሆነ። እሱንማ እኔም ብያለሁ።

ካውንተር፦
ማስጠንቀቂያውንም ቢሆን በትክክል አንሰጠውም። ለሜትሮኒዳዞል (ለኢንፌክሽን የሚሰጥ መድኃኒት) «ከጠጣህበት ትሞታለህ» የሚሉ አሉ። ማሸጊያው የሚለው ሕክምናው ካለቀ በኋላም ቢያንስ 48 ሰዓት እንዳይጠጣ ነው። ስታስፈራራው ግብዣ ሲመጣበት የሚተወው ክኒኑን ነው፤ ኢንፌክሽኑም ሳይድን ይቀራል።

ዋርድ፦
48 ሰዓት በሁሉም አገር አይሠራም፤ የአሜሪካው 3 ቀን ይላል። የሜትሮኒዳዞል ዘመድ የሆነው ቲኒዳዞልም 72 ሰዓት ነው፤ ደንበኛው ሁለቱን አንድ አድርጎ እንዳያያቸው።

ማስረጃ፦
የሜትሮኒዳዞልና የመጠጥ ግጭት ማስረጃው ራሱ ደካማ ነው እኮ።

ካውንተር፦
ደካማም ቢሆን ማሸጊያው ላይ እስካለ ድረስ ካውንተር ላይ ቆሜ «ጠጣ» አልለውም! ለምን እንደምንጠይቅም እንናገር፦ «ይህን መድኃኒት ለሚወስድ ሁሉ የምጠይቀው ነው» ስትለው ሰው አይሸማቀቅም። ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ ከተሰለፉት ፈቀቅ ብሎ።

ወረፋ፦
ወዴት ነው ፈቀቅ የሚባለው? ብዙ ፋርማሲ ከካውንተሩ ሌላ መቆሚያ የለውም። ነጥቡንስ የት ትመዘግበዋለህ? ማዘዣው ጀርባ ላይ? ነገ ቤተሰቡ መጥቶ ሲያነበውስ?

የማታ ተረኛ፦
ማን ማዘዣ ጀርባ ላይ ጻፍ አለ? ነጥቡ 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የታሸገ የሪፈር ወረቀት ለራሱ በእጁ ይሰጠዋል።

ወረፋ፦
የሪፈር ወረቀት የሚጽፈው ደግሞ ያው ባለ ሁለት ደቂቃው ነው?